ቀዩ ክር

ማህደር፣

እህቴን ምጥ ይዟታል ተብዬ ጎንደር እየሄድሁ ነው። ሹፌሩ ጡሩምባውን እያስጮኸ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፍልሽ።

ውሃ በጋሪ የሚያመጣው ሰውዬ ጀሪካኑ ሞልቷል ቢልሽ አትመኚው፤ ራስሽ አይተሽ ተቀበዪ። ጫማሽን ሳታራግፊ አታጥልቂ፤ ትናንት ጊንጥ ገድያለሁ። "ውድነሽ ልካኝ ነው" ብሎ ለሚመጣም በር እንዳትከፍቺ። እኔ ማንንም አልላክሁም።

ከአንቺ በፊት ቤቱን አብራኝ ተከራይታ የነበረችው ልጅ የእናቴን ጥልፍ ቀሚስ ይዛብኝ ሱዳን፣ ገላባት እንደተሻገረች ነግሬሻለሁ። ያልነገርሁሽ፣ አንቺ ከገባሽ ጀምሮ ሳጥኔን ከአልጋዬ እግር ጋር በጥቁር ክር እያሰርሁ እንደምወጣ ነው። የነካው ሰው ክሩን ይበጥሰዋል ብዬ።

ያን ጎርፍ ቤት የገባ ዕለት ከሰሊጥ መጋዘኑ ስመለስ፣ በጥቁሩ ክር ፋንታ ቀይ ክር ታስሮ ጠበቀኝ። ያዝሁሽ ብዬ ሳጥኑን በረበርሁ። አንዲት እራፊ አልጎደለችም፤ ጠብታ ውሃም አልነካውም። የአንቺ ልብስ ግን ከነጭቃው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ሳጥኔን አልጋ ላይ አውጥተሽ፣ ውሃው ሲጎድል ወደ ቦታው መልሰሽ፣ ክር ፈልገሽ አስረሽልኛል። ማሰሬን ታውቂ ኖሯል። አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልጠየቅሁሽ።

የዚያችን ጥፋት ከአንቺ ስጠብቅ ክረምቱ አለቀ። ደከመኝ።

አሁንም አምኜሻለሁ አላልሁም። ዝናብ ከመጣ ሳጥኑን አልጋዬ ላይ አውጪልኝ፤ መጀመሪያ ግን የራስሽን ልብስ።

ክር አላሰርሁበትም።

ውድነሽ