የጓድ ሊቀመንበሩ ስም በ«ቄሱ» ፊደል

ሰኞ፣ ነሐሴ 29
አዲሱ የኮምፒውተር ማተሚያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጩኸቱ ልማዱ ነው። እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ዋለ፤ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። አስቴር ሳቀችብኝ። የእህቴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምራ መጥታ፣ እኔ መዝገብ ቤት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የማሽኑ ኃላፊ ሆናለች። ፈርማ የተረከበችውም እሷ ናት። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ እሷ ምሳ ስትወጣ እየነካካሁ ነው የለመድኩት።

ዛሬ ትልቅ ነገር አገኘሁ። የተጻፈውን ሳያጠፉ የፊደሉን መልክ መለወጥ ይቻላል! ሦስት ዓይነት አለ። ስም አወጣሁላቸው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው «ካድሬው»፣ ቀጭኑ «ሲባጎ»፣ እንደ ብራና ጽሑፍ የሚያምረው ደግሞ «ቄሱ»።

«ጋሼ፣ ያንን ስም ሰው እንዳይሰማዎት» አለች።
«የቱን? የካድሬውን ነው የቄሱን?»
«ሁለቱንም!»

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 30
የከተማችን ኮሚቴ ጓድ ሊቀመንበር በአብዮት በዓል አደባባይ ላይ የሚያነቡት ንግግር ተጽፎ አለቀ። እህቴ ታማ አስቴር ወደ ዓለም ጤና ከተማ ሄደች። «ማተም ብቻ ነው የቀረው። በእናትዎ ጋሼ፣ ምንም እንዳይነኩ።»

ነካሁ። የንግግሩ ሽፋን በካድሬው ፊደል ደረቅ ሆኖብኝ ነው። የጓድ ሊቀመንበሩን ስም ለብቻው መሐል ላይ አደረግኩና ወደ ቄሱ ለወጥኩት። ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር መስመር ከፈፍኩት። አማረ! አትሜ ለኮሚቴው አባላት አደልኩ። የጓድ ሊቀመንበሩን ቅጂ ሾፌራቸው ቤታቸው ወሰደላቸው።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 1
ጠዋት ኦቦ ቱሉን፣ ዘበኛችንን፣ «አከም ቡልተ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩትና አንዱን ቅጂ አሳየሁት። አማርኛ ማንበብ አይችልም። ቆቡን አወለቀ።
«ኤኙ ዱኤ?» አለኝ። ማን ሞተ?

ሳቅኩ። ከዚያ እኔም አየሁት። ጥቁር ክፈፍ። የብራና ፊደል። መሐል ላይ የአንድ ሰው ስም። ለአርባና ለሙት ዓመት የመብራት እንጨት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ቁርጥ እሱን! መስቀሉ ብቻ ነው የጎደለው።

ከግንቦቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወዲህ ሰው ጥላውን እንኳ አያምንም። በቁሙ ላለ ባለሥልጣን የሙት ዓመት ወረቀት ያተመ ሰው ቀልዴን ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ደግሞ ማሽኑ ላይ ያለው ፊርማ የኔ አይደለም። የአስቴር ነው።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 2
አስቴር መጣች። ነገርኳት። ወንበሩን ሳታይ ተቀመጠች፤ ለጥቂት ነው ያልሳተችው።

ሽፋኑን ወደ ካድሬው መለስነው። «የገጽ ስህተት አለበት» እያልኩ እየዞርኩ ቅጂዎቹን ለወጥኩ። ሁሉም ሳይጠይቁ ሰጡኝ። የቅስቀሳ ኃላፊው ግን ቀና ሳይል፣ «ያምር ነበር እኮ። ዝክሩ መቼ ነው?» አለኝ።
አብሬው ሳቅኩ።

አሁን የቀረው አንድ ነው። ጓድ ሊቀመንበሩ ቤት ያለው።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 3
ምንም የለም። ላንድሮቨር በር ላይ በቆመ ቁጥር የመጡብን መስሎኝ በመስኮት አያለሁ። አስቴር ሻይዋን ሳትቀምሰው ቀዘቀዘ።
«ከጠየቁሽ አጎቴ ነው በይ» አልኳት።
«ማን ያምነኛል? የመዝገብ ቤት ሽማግሌ ኮምፒውተር አዘዘ ብል፣ በአጎቷ ታላክካለች ነው የሚሉኝ።»
እውነቷን ነው። በድብቅ መማሬ እስከ ዛሬ ያኮራኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 4
«የማሽኗን ልጅ ጥሯት» ተባለ። ጓድ ሊቀመንበሩ ቢሮ እኔ ቀድሜያት ገባሁ። ሽፋኑ ጠረጴዛቸው ላይ ነው።
«አንተን ማን ጠራህ?»
«ፊደሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ። ልጅቷ አልነበረችም።»
«አንተ? ኮምፒውተር?» ተነሡ። «አሳየኝ።»

ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ስማቸውን ለወጥኩት። ካድሬው። ሲባጎ። ቄሱ።
«እዚህ ላይ አቁም» አሉ። አስቴርን አስወጥተው በሩን ዘጉ። አሁን አለቀልኝ አልኩ።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእናቴ ሙት ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እህቶቼ ወረቀት ይላክልን ይላሉ። እኔ ማተሚያ ቤት ሄጄ እንዴት ብዬ ላዝዝ? በዚህ ፊደል አድርገው። ክፈፉም እንዳለ ይሁን።»
«እሺ፣ ጓድ።»
በሩን ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱና ተመለሱ።
«መስቀልስ ያወጣል?»

ማታ አስቴር «ምን አሉ?» አለችኝ።
«ፊደሉን ወደዱት» አልኳት። አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሳቀች። የቀረውን አልነገርኳትም። እስከ ትናንት እኔ ነበርኩ እሳቸውን የምፈራው። ዛሬ እሳቸውም እኔን ይፈራሉ። የፈራ ባለሥልጣን ደግሞ ካልፈራው ይብሳል።

እሑድ፣ ጳጉሜን 5
ማሽኑ መስቀል የለውም። የመደመር ምልክት አለ፤ በቄሱ ፊደል ትልቅ ሲያደርጉት መስቀል ይመስላል። ጭንቄ ሌላ ነው። ያ ማተሚያ እየጮኸ እንዴት አድርጌ በስውር ላትም?

ማክሰኞ፣ መስከረም 2
ሰው ሁሉ አደባባይ ወጣ። እኔ ታመምኩ ብዬ ቀረሁና በጓሮ በር ቢሮ ገባሁ። ድምፅ ማጉያው ከተማውን ሲያናውጥ ማተሚያውን አስነሣሁት። ጓድ ሊቀመንበሩ «ኋላ ቀር ልማድን ከሥሩ እንነቅላለን!» ሲሉ የእናታቸው መስቀል እየተንጫጫ ወጣ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሁለተኛውም ወጣ።

ንግግሩ ግን ከወረቀቱ ቀድሞ አለቀ። ማጉያው ዝም አለ፤ ማተሚያው ብቻውን ጮኸ። ሮጬ አጠፋሁት። ቀና ስል ኦቦ ቱሉ በሩ ላይ ቆሟል። ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። ቆቡን አወለቀ።

ዛሬ ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀኝም። ቆቡን መልሶ አድርጎ በሩን ከውጭ ዘጋልኝ።