የአምባላዩ ክር

ልጄ በእምነት፣ ሰላምሽ እንደ አገራችን እንደ ደካ ዝናብ አይቋረጥ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ፈረሳችን አምባላዩ ጅራቱ ሥር ጥቁር እባጭ አውጥቷል። የእንስሳት ሐኪሙ ቆንጥሮ ወስዶ ቦንጋ አስመረመረና፣ "ዕጢ ነው። ዙሪያውን በክር እየለካችሁ ቋጥሩ፤ ካደገ አምጡት" አለን። አባትሽ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይለካዋል። የፈረሱ እስካሁን ያው አንድ ቋጠሮ ነው።

ዛሬ አባትሽን መስታወት ፊት ቆሞ ክሩን አንገቱ ላይ ይዞ አገኘሁት።

"ምን ታደርጋለህ?"

"ኮሌታዬን እለካለሁ።"

"ሙሽራው! ማን ሊሰፋልህ ነው?" ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

በኋላ ክሩን አንስቼ አየሁት። በሌላኛው ጫፍ የፈረሱ ያልሆኑ፣ ከጫፉ እየራቁ የሚሄዱ ቋጠሮዎች አሉበት።

ፈረሱ ደህና ነው፣ ልጄ። ለመምጣት ግን ፋሲካን አትጠብቂ።

በደህና ያገናኘን።

እናትሽ ብርቄ