ቃለ ጉባኤ ውስጥ የገባው ምርቃት

አምቦ፣ የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለጋሮማ፣

እንዴት ሰነበትክ? እማማ ጋዲሴስ ወገባቸውን ተሻላቸው? እኔና ልጃችን ሃዊ ደህና ነን፤ ማለቴ እሷ ደህና ናት። ስልክህን ስለዘጋህብኝ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ወደ ሸነን በሚመላለሰው ሚኒባስ ሹፌር እልክልሃለሁ። ሌላው ሰው ሚስቱን አኩርፎ እናቱ ቤት የሚገባው በመጠጥ ወይም በሴት ነው፤ አንተ በአፍሪካ ነፃ ንግድ ስምምነት አኩርፈህ ገባህ። ጎረቤት ምን ሆናችሁ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ሰኞ ቃለ ጉባኤውን አንብበህ በሩን ድርግም አድርገህ ስትወጣ የእኔን ቃል አልሰማህም። እስቲ አሁን ስማኝ።

የፓርቲያችን ዋና ቢሮ ስምምነቱን እንደግፍ ወይስ እንቃወም ብሎ ሲጠይቅ፣ የእኛ ቅርንጫፍ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ተሬፋና ወገኖቻቸው «ድንቻችንና ሽንኩርታችን ኬንያ ድረስ ይሸጣል» አሉ። አንተና ጓደኞችህ ደግሞ «የውጭ ዘይት ያለ ቀረጥ ከገባ የእኛ የኑግ መጭመቂያ ምን ሊውጠው ነው?» አላችሁ። እሳቸው ሲናገሩ እውነት ይመስለኛል፤ አንተ ስትናገርም እውነት ይመስለኛል። ለሁለታችሁም ራሴን ስነቀንቅ ዋልኩ፤ አንገቴን እስካሁን ያመኛል።

እጅ ሲቆጠር ሰባት ለሰባት ሆነ። የቀረሁት ጸሐፊዋ እኔ ብቻ። «ፋንቱ፣ አንቺስ?» አሉ ኦቦ ተሬፋ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ አንተማ ዓይንህን እንኳ አልነቀልክም። እጄ ከጠረጴዛው አልነሳ አለኝ። ለምርቃት የተጠሩት ሽማግሌ ኦቦ ቦጂያ፣ አባል ባይሆኑም፣ አዘኑልኝ መሰለኝ ብድግ አሉ። «ይህን ስምምነት ዋቃ ለአገር በረከት ያድርገው! ከወዲያም ከወዲህም ሲሳይ ይምጣ!» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ «ሃ ተኡ! ይሁን!» አለ። አንተም ብለሃል ጋሮማ፤ ድምፅህን አላጣውም። ሽማግሌ ሲመርቅ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ማን አለ?

እኔም ከጭንቀቴ ለመገላገል «ጉባኤው ስምምነቱን በአንድ ድምፅ ደግፏል» ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። አንተን ለመካድ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አሁን ያንተ ወገን ይሰረዝ ይላል። ኦቦ ቦጂያ ደግሞ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምርቃት እንዴት ይሰረዛል?» ብለው ቅር ተሰኝተውብኛል። ብሰርዘው ነውር፣ ብተወው ውሸት። ግራ ገባኝ እኮ!

ጾም ሊገባ ስለሆነ ሰዉ የኑግ ዘይት እያለ በራችንን ያንኳኳል፤ መጭመቂያውን ማስነሳት ደግሞ አልችልበትም። ትናንት ሃዊ «አባዬ ከየትኛው አገር ጋር ነው የተጣላው?» አለችኝ። ከእኔ ጋር ነው ማለት አቃተኝ።

በመጨረሻ ኦቦ ተሬፋ የፊታችን እሑድ ድምፁ እንደገና ይሰጥ ብለዋል። ካልመጣህ ሰባት ለስድስት ነው፤ ጸሐፊዋ የምትጠየቀው እኩል ሲሆን ብቻ ስለሆነ የእኔ እጅ አያስፈልግም፣ ተገላገልኩ ማለት ነው። ከመጣህ ግን እንደገና ሰባት ለሰባት ይሆንና ሁሉም እንደገና ወደ እኔ ይዞራል። ምን እንደምመርጥ እስካሁን አላውቅም። ስንቴ አስቤው ስንቴ እንደገለበጥኩት አትጠይቀኝ። ምናልባት ካንተ ጋር ላይሆን ይችላል፤ ይህን በሰው ፊት ከምታየው ከእኔው ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እግዚአብሔር ለእሳቸው ጤና፣ ለአንተ ቀና መንገድ፣ ለእኔም ልብ ይስጥ።

ብትቀር ይቀለኝ ነበር። ግን ቅዳሜ ና።

ባለቤትህ
ፋንቱ