ሃያ ሦስት ጊዜ የፈረምኩባት ልጄ

ለተከበሩ ኡስታዝ ምድሐት አል-በይሊ፣
የወጣቶች ማዕከል ዳይሬክተር፣
ማሃላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ መዝገብዎ ጉድለት የማይገኝበት ይሁን፤ ልጆችዎም ማታ በር ከፍተው የሚቀበሉዎት ይሁኑ። እኔ የጨርቅ ነጋዴው ራጀብ ሸልቢ ነኝ። ከኢብቲሳም ጋር ከተፋታን በኋላ ፍርድ ቤቱ የስድስት ዓመት ልጃችንን ሩቅያን በየአርቡ ለሦስት ሰዓት በማዕከልዎ እንዳያት ፈቅዶልኛል። ስለዚህም የማመሰግንዎ ብዙ ነው።

አንደኛ፣ በበርዎ ላይ ስላለው ሥርዓት። አባት ሳይፈርም አይገባም። እኔም ፈርሜ እገባለሁ፣ ከኳስ ሜዳው ዳር ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሦስቱ ሰዓት ሲያልቅ ብቻዬን እወጣለሁ፤ ኢብቲሳም ልጅቷን አንድም አርብ አላመጣችምና። ባለፈው ማክሰኞ፣ ልጄን ከለከለችኝ ብዬ በከሰስኩበት ችሎት፣ ዳኛው መዝገብዎን ገልጠው፣ «ሃያ ሦስት ጊዜ አይተሃታል፣ ፊርማህ ይኸው፤ ታዲያ ምን ጎደለህ?» አሉኝ። ለካ የመግቢያ የመሰለኝ ፊርማ «ልጄን አየሁ» የሚል ኖሯል። በሱቄ ጣቃው ተፈትቶ ሳይለካ ተረከብኩ ብዬ ፈርሜ የማላውቀው ሰው፣ በልጄ ላይ ፈረምኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ መዝገብ ሹምዎ ስለ ሳብሪ ደግነት። በየአርቡ ሻይ ይዞልኝ እየመጣ፣ «ዛሬም ቀሩ? አይዞህ ሀጂ፣ አድጋ ራሷ ትፈልግሃለች» ይለኝ ነበር። ረቡዕ ሄጄ ይህንኑ በጽሑፍ ስጠኝ ስለው፣ «ኧረ ሀጂ፣ አታስቀኝ! እኛ የመጣ ነው የምንጽፈው፤ ለቀረ ሰው ዓምድ የለንም» አለኝ።

ሦስተኛ፣ ዓምዱ በሁለት ቀን ውስጥ ስለመገኘቱ። አርብ ዕለት ልጄን ሳላይ አልፈርምም ብዬ ከበር ተመለስኩ፤ መዝገብዎም «አባት ቀረ» ሲል ጽፏል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ልጅቷን እንድታመጣ ብዬ የሁለት ወር ቀለብ ሳልከፍል ይዤ ነበር። እናቲቱን የቀጣሁ መስሎኝ የልጄን ወተት ነው የያዝኩት። ከነውዝፉ ከፍያለሁ፤ ማፈሬ ግን አልቀረም። የዚያ ጥፋት መጥሪያ በሳምንቱ ደርሶኛል፤ የሃያ ሦስቱን አርብ ግን የጠየቀ የለም።

ክቡር ሆይ፣ ከሱቄ ደጃፍ የቆመችን ሴት በዓይኔ ብቻ አይቼ ስንት ሜትር እንደሚበቃት እናገራለሁ። ለሩቅያ የዒድ ቀሚስ ጨርቅ መርጬ፣ መቀስ አንሥቼ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። የልጄን ቁመት አላውቅም።

ዳኛው ከማዕከልዎ የመዝገብ ማስተካከያ እንዳመጣ አሥራ አምስት ቀን ሰጥተውኛል፤ ካላመጣሁ ክሴ ይዘጋል። አምስቱ አልፏል። የምለምንዎ አንድ መስመር ነው፤ «አባትየው መጥቷል፣ ልጅቷ አልመጣችም።» ከፈለጉ በእርሳስ ይጻፉት። ከፈለጉ ስሜን አሳስተው ይጻፉት። ብቻ ይጻፉት።

ለጥላው፣ ለሻዩና ከሁሉም በላይ ለእስክሪብቶው ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የማዕከልዎ ታማኝ ፈራሚ፣
ራጀብ ሸልቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በስምዎ የላክሁትን የታሸገ ፖስታ ሳይከፍቱ «ተቀብያለሁ» ብለው ስለፈረሙልኝ አመሰግናለሁ። ባዶ የነበረው በስህተት አይደለም። እኔም ሃያ ሦስት ጊዜ ፈርሜ ወደ ቤቴ የወሰድኩት ይህንኑ ነው።