ሳንታ ለሐበሻ ልጆች የሚመጣበት ቀን

ዲሴምበር 8፣ ረቡዕ

ዛሬ ምንም የለም። ከሥራ፣ ከአረጋውያኑ ነርሲንግ ሆም፣ በጊዜ ወጣሁ። ልብስ አጠብኩ። ምስር ወጡን ትንሽ አሳረርኩት... ወንድሜነህ ዝም ብሎ በላ። ባል ማለት እንዲህ ነው።

ልጄ ብስራት ከትምህርት ቤት ለሳንታ፣ ለገና አባት፣ የጻፈችውን ደብዳቤ ይዛ መጣች። አስተማሪዋ ሁሉንም አስጽፋቸዋለች። የእሷ አንድ መስመር ናት፤ ቀይ ቦት ጫማ፣ ቁጥር አንድ። ከዚያ ጭንቅ ያዛት፤ ሳንታ የሚገባው በጭስ መውጫ ነው። ቤታችን ጭስ መውጫ የለው፣ ስድስተኛ ፎቅ ነን፣ በየት ይገባል? የሕንፃው ማኔጀር ቁልፍ ይሰጠዋል አልኳት። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። ፊቷ በራ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ዲሴምበር 11፣ ቅዳሜ

ወንድሜነህ የሳንታን ነገር አልወደደውም። ጠዋት ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድርያ ወደሚሠራበት የመኪና ፓርኪንግ ሊሄድ ጃኬቱን እየለበሰ፣ ውሸት አይደለም ወይ አለኝ። እሁድ እሁድ ለቸርች ልጆች እውነት ተናገሩ እያልሽ ታስተምሪያለሽ፣ ለራስሽ ልጅ ደግሞ...

እኛ በአያ ጅቦ ነው ያደግነው አልኩት። ካልተኛችሁ ይበላችኋል እየተባልን። ይሄ እንኳን ስጦታ ይዞ ነው የሚመጣው። ሳቀ። በር ላይ ሲደርስ ግን፣ ጅቡንም ቢሆን አልረሳሁትም ብሎኝ ወጣ።

እንግዲህ ለራሴ ልንገር... ሳንታ ይጠቅመኛል። ሳንታ ያይሻል ስላት ሳህኗን ትጨርሳለች፣ ቴሌቪዥኑን ትዘጋለች። እንደሱ የሚያግዘኝ ሌላ ሰው የለም።

ዲሴምበር 17፣ ዓርብ

የሥራ ፕሮግራም ወጣ። ዲሴምበር ሃያ አራትም ሃያ አምስትም፣ በፈረንጅ ገና፣ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሱፐርቫይዘሯ፣ ያንቺ ገና ጃንዋሪ አይደለም እንዴ አለችኝ። የእኛ ቸርች ሁለቱንም ያከብራል ብዬ ማን ያስረዳታል። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ብስራትን ምን ልበላት? መኪና ውስጥ ሆኜ አሰብኩ አሰብኩና መጣልኝ። ሳንታ ለሐበሻ ልጆች የሚመጣው በእኛ ገና ነው፣ ካላንደራችን ሌላ ስለሆነ፣ አልኳት። ታዲያ ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው? ጋሪውን የሚጎትቱት አጋዘኖቹ አይደክማቸውም? አለች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳቅኩ።

ዲሴምበር 25፣ ቅዳሜ

ሥራ ዋልኩ። አሮጊቶቹ ሁሉ ጠያቂ ይመጣ እንደሆነ በር በር ያያሉ። ብስራት በአባቷ ስልክ ደወለች። ለጓደኞቿ ሁሉ መጥቶላቸዋል፤ እኔ ግን አልከፋኝም፣ የእኔ ገና ይመጣል አለች። ምን ዓይነት ልጅ ናት ይቺ።

ጃንዋሪ 7፣ ዓርብ

ጠዋት በሩ ጋ ቦቱን አገኘች። ፒጃማዋ ላይ አጠለቀችው። ከሴቨን ኮርነርስ ሱቆች ነው ያመጣነው፣ ወንድሜነህ እያጉረመረመም ቢሆን አብሮኝ መርጧል።

የምስጋና ደብዳቤ ጻፈችለት። በአማርኛ! የሐበሻ ካላንደር ካወቀ ፊደልም አያቅተውም ብላ። እሁድ እሁድ ባስተማርኳቸው ፊደል ነው የጻፈችው። ወንድሜነህ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት።

ጃንዋሪ 9፣ እሁድ

እንዴት ልጻፈው።

የዛሬው የቸርች ልጆች ትምህርት ስለ እውነት መናገር ነበር። ያዘጋጀሁት እኔው። አሥራ አንድ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። በዚህ ሳምንት የሆነ አንድ እውነተኛ ነገር ንገሩኝ አልኳቸው። ብስራት ከሁሉ ቀድማ እጇን አወጣች።

ዓርብ ዕለት ሳንታ ቤታችን መጥቶ ይሄን ሰጠኝ አለች። እግሯን ዘርግታ ቦቱን አሳየቻቸው።

ሲላስ ሳቀ። የእህት ከበቡሽ ልጅ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ። ሳንታ የሚባል የለም፣ ደግሞ ክሪስማስ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው አለ። ሁሉም ሳቁ። ብስራት አልደነገጠችም፤ ለሐበሻ ልጆች በእኛ ገና ነው የሚመጣው ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ማሚ፣ ንገሪያቸው።"

እህት ከበቡሽ ብስኩትና ጁስ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የልጆች አገልግሎት ኃላፊያችን ናት። እሷ ቤት ሳንታ አይነሣም። አምና በወላጆች ስብሰባ፣ ልጆቻችንን በሳንታ የምናስተው እኛው ነን ብላ ስትናገር ከሁሉም አስበልጬ አሜን ያልኩት እኔ ነበርኩ። ያ አሜን ትዝ አለኝ። ፊቴ ጋለ።

"ብስራት ተረት ትወዳለች" አልኩ። እየሳቅኩ።

ይቺን ብቻ ነው ያልኩት። ሦስት ቃል።

ልጆቹ የባሰ ሳቁ። ብስራት አየችኝ። አላለቀሰችም። የዘረጋችውን እግሯን ሰበሰበች።

እህት ከበቡሽ ክፉ ሴት አይደለችም። ጎንበስ ብላ በፍቅር ነው ያነጋገረቻት። ጓደኞችሽን ስለዋሸሽ ይቅርታ ብትጠይቂ ጥሩ ነው አለቻት። ብስራት እንደገና ወደ እኔ አየች። እኔ ሰሌዳ መጥረግ ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር።

ልጄ ስለዋሸሁ ይቅርታ አለች፣ በእንግሊዝኛ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሰማሁ።

ጃንዋሪ 10፣ ሰኞ

ትናንት ከቸርች ወደ ቤታችን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እየነዳን ነበር። ወንድሜነህ ምን ሆናችሁ ቢል፣ ብስራት "ምንም" አለች።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ሳመጣት ነው የጠየቀችኝ። ቦቱን የገዛሽው አንቺ ነሽ? አዎ፣ እኔና አባትሽ። ቁልፉስ? ቁልፉንም፣ የሐበሻ ካላንደሩንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ታዲያ ለምን ይቅርታ ጠየቅሽ፣ አንቺ እኮ አልዋሸሽም አልኳት። ምነው ባልጠየቅኳት ኖሮ...

"አንቺን እንዳይቆጡሽ ብዬ" አለች።

ተረት ትወዳለች ስትይ ሳንታ እንደሌለ ያኔ ገባኝ አለችኝ። እህት ከበቡሽን ፈርተሽ ስታዪያት አይቼሻለሁ አለችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው! እናቷን ለማዳን ያላደረገችውን አደረግኩ አለች። መሪውን ይዤ መንገዱ አልታይ አለኝ።

ሊፍት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጠየቀችኝ። ኢየሱስም እንደዚህ ነው?

በፍጹም፣ እሱ እውነት ነው አልኳት።

"ስለ ሳንታም እንደዚህ ነው ያልሽኝ" አለች። "በዚሁ ድምፅ።"

ስድስተኛ ፎቅ ደረስን። ቁልፌን አውጥቼ በሩን ከፈትኩ።

ጃንዋሪ 12፣ ረቡዕ

ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ እህት ከበቡሽ ኮል አደረገች። እጄ እርጥብ ስለሆነ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሁኔታዋ አሳስቦኛል አለች፣ የእኛ ብስራት ውሸት እንዳይለምድባት አብረን እንጸልይ። ጸለየች። ረጅም ጸሎት ነው። በመሐል አቁሚ ልላት አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት። በመጨረሻ አሜን አልኩ።

ዞር ስል ብስራት ጠረጴዛው ጋ ሆምወርኳን ይዛለች። ሁሉንም ሰምታለች። ደብተሯን ዘግታ ወደ ክፍሏ ገባች። ሁለተኛ ጊዜ ሸጥኳት።

ለወንድሜነህ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብትዪ እንኳን ምን ነበረበት አለኝ። ከዚያ፣ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ ለእነሱ ንገሪያቸው እንጂ አለ።

ጃንዋሪ 14፣ ዓርብ

ሥራ ላይ አልጋ ሳነጥፍ ሳስብ ዋልኩ። ልጄን ውሸት ያስተማራት ማን ነው? ሳንታ ያስተማራት ማመን ነው፤ ውሸቱን ያስተማርኳት ሰሌዳ ስጠርግ ነው... እንዲህ ብዬ ልጽናና ነበር። ግን ቁልፉን ማን ፈጠረው? አንዱን ለመሸፈን ሌላ፣ እሱን ለመሸፈን ሌላ። ለእሷ ደስታ ብዬ ነው እላለሁ። ዲሴምበር ሃያ አምስት ሥራ ነኝ ብላት ምን ትሆን ነበር? አይከፋትም ነበር። እሷ እኮ አይከፋትም።

አፍራለሁ። ሌላ ቃል የለኝም። ልብሷን ስቀይርላት እንኳን ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ጃንዋሪ 16፣ እሁድ

ብስራት ክፍል አልገባም ብላ ከአባቷ ጋር አዳራሽ ተቀመጠች። ገና ሳልጀምር ሲላስ "ውሸታሟ የት አለች?" አለ። በክፋት አይደለም። በሳምንት ውስጥ ስሟ ሆኖ ነው። ሁለት ልጆች ሳቁ።

ጠብቁኝ ብዬ ወጣሁ። ስብከቱ መሐል ነው። በመተላለፊያው ሰው ሁሉ እያየኝ ሄድኩ፤ ይየኝ። እጄን ዘረጋሁላት። አልያዘችኝም፣ ግን ተነሥታ ተከተለችኝ። ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ቆመች። ወደ ውስጥ አልገባችም። እህት ከበቡሽ ልጆቹን ልትጠብቅ ገብታ ነበር።

"ባለፈው እሁድ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ሳንታ ይመጣል ያልኳት እኔ ነኝ። ብስራት አምናኝ ነው የተናገረችው። ከዚያ እናንተ ስትስቁ አፈርኩና ተረት ትወዳለች አልኩ። እሱም ውሸት ነው። ብስራት፣ ይቅርታ።"

በአማርኛ ስለነበር ግማሾቹ አልገባቸውም። ሲላስ ተረጎመላቸው፤ "ቲቸር ናት የዋሸችው" ብሎ ጨረሰው። ጥሩ ትርጉም ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ቲቸር ይዋሻል እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት። እህት ከበቡሽ ምንጣፉን ምንጣፉን ታያለች።

ብስራት ሰምታ ስታበቃ ዞራ ወደ አባቷ ሄደች። ምን ጠብቄ ነበር? እንድታቅፈኝ? ኀፍረቴንም እሷ እንድትሸከምልኝ?

ጃንዋሪ 19፣ ረቡዕ

እህት ከበቡሽ ደወለች። መጀመሪያ ብስራትን አገናኝኝ አለች፤ ይቅርታ ጠየቀቻት። ጨዋ ሴት ናት። ከዚያ ለእኔ፣ እህት ጸዳለ ለጊዜው ከማስተማሩ አረፍ በዪ አለችኝ። ትክክል ናት። ቢሆንም አለቀስኩ።

አንዲት እናት ደግሞ፣ ልጄ ሳንታን ያምን ነበር፣ ጸዳለ አፈረሰችብኝ ብላ አኩርፋለች አሉ። ያኔ በስብሰባው ከእኔ ጋር አሜን ካሉት አንዷ ናት። ከሳምንት ወዲህ የሳቅኩት በዚህ ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 27፣ ሐሙስ

በረዶው መንገዱን ሁሉ ዘግቶታል። ትምህርት የለም። ብስራት ከጎረቤት ልጆች ጋር ልትጫወት በአሮጌ ስኒከሯ ወረደች። ቦቱ በሩ ጋ ተቀምጧል። ልበሺው አላልኳትም። እርጥብ ካልሲዋን ራዲያተሩ ላይ አሰጣሁ።

ከእኔ ጋር ታወራለች። እራት፣ ሆምወርክ፣ ሹሩባ። ግን ማንኛውንም ነገር ስነግራት ቆይታ አባቷን ትጠይቀዋለች። ነገ ትምህርት አለ ወይ እንኳን። ወንድሜነህ አዎ ሲላት ነው ቦርሳዋን የምታዘጋጀው። እሱም ያፍርልኛል፣ ወደ እኔ ሳያይ ነው የሚመልስላት።

ፌብሩዋሪ 3፣ ሐሙስ

ለጉንፋን ክትባት ክሊኒክ ወሰድኳት። አባቷ ሥራ ነው፣ እኔና እሷ ብቻ ነን። ነርሷ ልጅ የምትወድ ዓይነት ናት፣ ደረቷ ላይ የድብ ስዕል ለጥፋለች። ብስራት ያማል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኧረ ምንም አይሰማሽም አለቻት።

ብስራት ነርሷን ትንሽ አየቻት። አባቷን የምትፈልግ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ማሚ፣ ያማል?"

አያምም የኔ ቆንጆ ልል ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። የትኛዋ እናት ናት ያማል የምትል?

"ያማል" አልኳት። "አምስት እስክቆጥር ድረስ ያልፋል።"

ነርሷ ገላመጠችኝ። ብስራት እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች፣ ጣቶቼን ጨብጣ ዐይኗን ጨፈነች፣ ቁጠሪ አለችኝ። ሁለት ላይ አለቀሰች። ሦስት ላይ መርፌው ወጣ፣ ነርሷም አለቀ፣ አለቀ ጎበዝ አለቻት። ብስራት ዐይኗን አልገለጠችም። አምስት እስክል ድረስ ጠበቀችኝ።