ወንድም ጋሼን ካበጠ ባትሪ ጋር ስለቆለፉበት ክፍል

ለተከበሩት የአካባቢያችን ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው፣ ልጆችስ፣ ባለቤትዎስ፣ ያ የወገብዎ ነገር ተሻለዎት ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የቷ ናት እንዳይሉ፣ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ በየጠዋቱ ስምንት ዳቦ በፌስታል የማቀብልዎት ልጅ ነኝ፤ ይኸው አራት ቀን ሙሉ ደጃፍዎ ላይ የምገተረውም እኔው ነኝ። ልግባ ስል ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል፣ እሺ ልጠብቅ ስል አትጠብቂ ይሉኛል፣ በቃ ልሂድ ስል ደግሞ ወዴት ነው የምትሄጂው ይሉኛል፤ ስለዚህ ውድ ጊዜዎን ከማባክን ብዬ ይሄን ጽፌ ዳቦ ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፍኩት፣ ለእርስዎም አንዱን በጠባቂው እጅ እልክልዎታለሁ። ሰው ሁሉ ቢያነበው እንደማይከፋዎት አውቃለሁ፣ በርዎ ላይ «ግልጽነት መመሪያችን ነው» ብለው በትልቁ አጽፈው የለ።

ለዳቦ ተሰልፎ ለሚያነበው ሰው ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር። ወንድም ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቴ ነው፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ባለፈው ዓመት ከውሃ ታንከር ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረና ስምንት ወር አልጋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ሲያይ ከረመ። መናገር እየተወ ሲመጣ አክስታችን ደነገጠችና ካለችበት አገር አንድ ካርቶን ላከችለት፣ በሪሞት የምትበር አውሮፕላን፣ ከፎም የተሠራች፣ ክብደቷ ሁለት ዳቦ ቢያክል ነው። ካርቶኑ ላይ «አውጥቶ ማብረር ብቻ» ዓይነት ነገር ተጽፏል አለኝ፣ ውሸቱን ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ነው የፈጀችብን። አልጋው ላይ ዘረገፍናት፣ ጭራዋን በሁለት ብሎን አሰርን፣ ክንፏን በላስቲክ ጠፈርን፣ ውልብልቢቷን አፍንጫዋ ላይ ገጠምን፣ ከዚያ ባትሪዋን ሆዷ ውስጥ ወደፊት ወደኋላ እያንሸራተትን ክንፏ ሥር በሁለት ጣት ብቻ ስትያዝ ሳታዘነብል እስክትቆም ድረስ ለፋን። መጀመሪያ ጭራዋን ገልብጬ ገጥሜው ነበር፣ ወንድም ጋሼ አየኝና «አንቺ፣ ይቺ ልትበር ነው ወይስ ልታርስ?» አለኝ። በስምንት ወር ውስጥ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ኳስ ሜዳው ላይ ነበር የምናበራት። እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሪሞቱን ይይዛል፣ እኔ ነፋሱን በፊቴ ይዤ ሮጥ ሮጥ እልና እወረውራታለሁ፣ ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ ባትሪዋ ኋላ ይሰካል፣ ሥነ ሥርዓት ነበረን። ሁለት ቀን እንደ ወፍ በረረች። በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሳና ይዟት ሄደ፣ ወንድም ጋሼ ቢጠመዝዝ ቢጠመዝዝ እምቢ አለች፣ የእናንተን አጥር አልፋ ግቢያችሁ ሲሚንቶ ላይ ጧ አለች። ይኸው ወንጀሉ ይሄ ነው። ሌላ የለውም።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ኳሱ ጎረቤት ግቢ እንደገባበት ልጅ በክራንቹ እያነከሰ መጥቶ በራችሁን አንኳኳ። መጫወቻ መሆኗን ያምኑኛል ብሎ ሪሞቱንም፣ ቻርጀሩንም፣ የአገጣጠም መመሪያውንም በገዛ እጁ ይዞላችሁ መጣ፣ እናንተም አንድ ሳታስቀሩ ተቀበላችሁት፣ እሱንም ጨምራችሁ። መመሪያው ውስጥ ያለውን ሥዕል ንድፍ ነው አላችሁ። «ይሄ ቀስት ወዴት ነው የሚያመለክተው?» አሉት፣ ወደ ጭራው አለ፤ «ጭራው ደግሞ ማነው?» አሉት። በዚህ ጥያቄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለደከሙት መርማሪዎ እግዜር ብድራቸውን ይክፈላቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ መኝታው አመሰግናለሁ። የእስረኛ ማቆያው ጣሪያ ያፈሳል ተብሎ ወንድሜን ኤግዚቢት ክፍል አስገባችሁት፣ የተያዘ ዕቃ የሚከማችበት ማለት ነው። ጸሐፊዎ ምን አሉኝ መሰልዎት፣ «ሰውየውና ዕቃው አንድ መዝገብ ላይ ስላሉ አንድ ክፍል ቢሆኑ ይቀለናል።» ሥራ ሲቀልላችሁ ማን ይጠላል! ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ በመስኮቱ ቆርቆሮ ሥር ባለችው ክፍተት አጎንብሼ አይቻለሁ፤ የስፖንጅ ፍራሽ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፣ በጆንያ በጆንያ ወረቀት አለ፣ በችርቻሮ ሲሸጥ የያዛችሁት ቤንዚን በጀሪካን ተደርድሯል፣ አንዱ ጀሪካን ክዳን የለውም፣ በጨርቅ ነው የተወተፈው። ከፍራሹ በላይ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ አውሮፕላኗና ባትሪዋ አሉ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ቢተዉት ይችን አይተዉብኝ። ባትሪው ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ተመትቷል። አብጧል። ስስ ነበር እኮ፣ እንደ ቸኮሌት ጠፍጣፋ፣ አሁን ግን እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ተነፍቷል፣ እኔ ደግሞ የተነፋ ሊጥ ሳይ ነው የምውለው። እንዲህ ያለ ባትሪ ያበጠ ዕለት ከቤት ወጥቶ ሜዳ ላይ አሸዋ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አይነካም፣ አይሞላም፣ ሰው አጠገቡ አያድርም፤ ከፈነዳ እንደ ርችት እሳት ነው የሚተፋው። ወንድም ጋሼ በገባ በመጀመሪያው ቀን ይሄን ነግሯቸዋል። በሁለተኛው ቀን እኔ ነገርኩ። በሦስተኛው ቀን እያለቀስኩ ነገርኩ። ጸሐፊዎ «ኤግዚቢት ከክፍሉ አይወጣም፣ ደንብ ነው» አሉኝ። እሺ ወንድሜን አውጡልኝ ስላቸው «እሱም እኮ ያው ነው» አሉ። ስለ ደንብ አክባሪነታችሁ አገር ይመስክር።

አራተኛ፣ ስለ ባለሙያዎ። ነገ ጠዋት ከበላይ ሰዎች ስለሚመጡ አውሮፕላኗ ፊታቸው ላይ ትብረርና አደገኛነቷን ይዩ ተባለ አሉ፣ ባትሪው እንዲሞላ ትእዛዝ ወጣ። የባትሪው የራሱ ቻርጀር ሲሰካ ቀይ መብራት እያብለጨለጨ አልሞላም አለ፤ ባትሪው መታመሙን አውቆ ነው፣ ለዚሁ ነው የተሠራው። ባለሙያዎ ግን፣ ያው የቢሮውን ፕሪንተር የሚጠግኑት ሰውዬ፣ «ቻርጀሩ ተበላሽቷል» ብለው ሌላ ቻርጀር አመጡ፣ ገመዱን ቆርጠው ቀጥለው ሰኩበት። እምቢ የማይል ቻርጀር አገኙ ማለት ነው። ከትናንት ጀምሮ እንደተሰካ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ ግን ማሽን እንኳን እምቢ ያለውን ነገር ሰው እሺ ሲል ያየሁት በእናንተ ቤት ነው።

ስንተኛ ላይ ደረስኩ? ብቻ ይሄኛው ምስጋና ስለመደቡልኝ ሰው ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሞተር ሳይክል ተደግፎ የሚቆም ሰው አለ፣ ዳቦ አይገዛም፣ ስልክ አያወራም፣ ብቻ መስኮቷን ያያል። ወደ ቤት ስሄድ ሞተሩን ሳያስነሳ እየገፋ ይከተለኛል። ባለቤቷ፣ ማለት የዳቦ ቤቱ እትዬ፣ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብለውኛል፣ አልፈርድባቸውም። እኔም አፌን ብሰበስብ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰውዬው እኔን ከሚጠብቅ ያንን መደርደሪያ ቢጠብቅ አይሻልም ነበር ወይ? እኔ አልፈነዳም።

የመጨረሻው የዛሬው ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሄጄ በክፍተቷ ጠራሁት፣ «ወንድም ጋሼ» ብዬ። «እህት ዓለም፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚል ነገር ይሸተኛል» አለኝ። ከረሜላ ማን ሰጠህ ብዬ ልስቅ ነበር። ማንም አልሰጠውም። ባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፣ ሽፋኑ ሲተረተር እንደዚያ ይሸታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጭስ ነው፣ ከጭሱ በኋላ ያለው ውሃ የማያጠፋው እሳት ነው። ንቀለዋ ገመዱን ስለው ሶኬቱ ከደጅ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ገመዱ በበሩ ሥር ነው የገባው፣ መደርደሪያው ጋ ደግሞ በተሰበረ ዳሌ አይደረስም። አባባ ቆይ፣ ጠባቂያችሁ ማለቴ ነው፣ ምንም ነገር ሲጠየቁ «ቆይ» ስለሚሉ እንዲያ ነው የምንላቸው፣ ሮጬ ንቀሉልኝ ስላቸው ዛሬ እንኳን ቆይ አላሉም፣ እጃቸው ሶኬቱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጸሐፊው ከውስጥ «ማነው ኤግዚቢት የሚነካካው!» ብለው ሲጮሁ መለሱት።

ወንድም ጋሼ ሲሰለቸው ይቀልዳል። ሲፈራ ነው ቁም ነገር የሚያወራው። ዛሬ ቁም ነገር አወራኝ፤ ቤት አልጋዬ ሥር ያለው ሰማያዊው ፓምፕ የመምህሯ ነው፣ ላስቲኩን ቀይሬዋለሁ፣ ውሰጂላት አለኝ። አረንጓዴው የፀጉር አስተካካዩ ነው አለኝ። ከዚያ «በቃ ሂጂ፣ ከግድግዳው ራቂ» አለኝ። ግድግዳው ሲሚንቶ ነው እኮ፣ እኔ ደጅ ነበርኩ፣ ከእኔ ይልቅ ለራሱ አይፈራም?

የዳቦ ቤቱን ባልዲ አሸዋ ሞልቼ፣ የምድጃውን ረጅም መቆንጠጫ ጨምሬ በራችሁ ላይ አስቀምጬ ነበር። «መግቢያ ይዘጋል» ተብሎ ተነሳ። ግድ የለም፣ አሁን ከአጥሩ ጥግ አስጠግቼዋለሁ፣ መግቢያ አይዘጋም። ወንድሜን ፍቱልኝ እንኳን አላልኩም፣ ልብ ይበሉልኝ። ግቢ ውስጥ ዛፍ ላይ እሰሩት፣ ዝናብ ይምታው፣ ስለ ጭራው ሲጠይቁት ይደሩ። ከዚያ ክፍል ብቻ ይውጣ። ካልሆነ ባትሪው ይውጣ። ከሁለት አንዱ ይውጣ።

ለአካባቢያችን ሰላም እንቅልፍ አጥተው እኛን እንቅልፍ ለሚያሳጡን፣ ለደንብ ሲሉ ሰውና ዕቃን እኩል ለሚያዩ፣ አንዲት የፎም አውሮፕላን ሳትጎዳን በፊት ለደረሱልን ለእርስዎ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የዳቦ ቤቷ ልጅ፣ የፓምፕ ጠጋኙ እህት

የረሳሁት፦ አባባ ቆይ ይሄን ደብዳቤ ሊወስዱ መጥተው አንድ ነገር ነገሩኝ። የዚያ ክፍል ቁልፍ አንድ ብቻ ነው አሉ፣ እሱም ከመኪናዎ ቁልፍ ጋር ታስሮ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከእርስዎ ጋር ይወጣል፣ ቤትዎ ደግሞ ከዚህ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። በሩ ብረት ነው። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንብቦታል፣ ማንበብ ለማይችሉት ሁለት እናቶች እኔው ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ፣ ሞተረኛውም መጥቶ አንብቦ ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ አባባ ቆይም እጅዎ ላይ ሳያኖሩት እንዳይመለሱ ምለውልኛል። እንግዲህ ነገ ምን ቢፈጠር «መረጃው አልደረሰንም» የሚለውን ማስታወቂያ ማተም አያስፈልግዎትም፣ የወረቀት ወጪ ቀነስኩልዎት። እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ የሚያውቁ ኃላፊ ነዎት።