ከተቆለፈ ክፍል ጋር ስለተሰካው የአንኮበር ስልክ

ለተከበሩ ጓድ ዘርአ ዳዊት
የስልክ አገልግሎት ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ የስብሰባው ብዛት ወገብዎን እንዳያደክመው፣ ይልቁንም ጆሮዎ ከስልክ ጩኸት አርፎ እንዲከርም ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ በእኛ በኩል ሙሉ በሙሉ እንደ ተፈጸመልዎ አውቃለሁ፤ ከአንኮበር ደውሎ ያገኘዎት ሰው እስከ ዛሬ የለምና።

እኔ ዲፕሎማዬን በካኪ ፖስታ ይዤ፣ አገር ለአገር ላገናኝ ብዬ እየቸኮልኩ አንኮበር የወጣሁ ቴክኒሽያን ነኝ። ደጋግሜ ጽፌልዎ፣ ደጋግመው የሰጡኝ መልስ ስላልገባኝ (ጉድለቱ የእኔ ነው) ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ እንዲያስረዳኝ ብዬ በስልክ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዕድገቱ አመሰግናለሁ። እኔ ስመጣ በማዞሪያው ሰሌዳ ላይ የነበሩት ስልኮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በቆራጥ አመራርዎ ዛሬ ቀበሌው፣ ገበሬ ማኅበሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሸማቾች ሱቁ፣ ቆላ ወርዶም የአሊዩ አምባ ጤና ጣቢያ ሁሉ በእጅ የሚዞር ስልክ በጭብጨባ ተረክበዋል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው መስመር ግን ያው ያ አንዱ ነው። ለመንደሩ ሁሉ እንስራ አድሎ ምንጩን አንድ ማድረግ ዕድገት መሆኑን በትምህርት ቤት አላስተማሩንም ነበር። ለሁለተኛ መስመር ምሰሶው ቆሟል፤ የጎደለው ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦውም አልጠፋም፤ የጽሕፈት ቤትዎን የአበባ አጥር አጥብቆ ይዞ አይቼዋለሁ። አበባው በእውነት አምሯል።

ሁለተኛ፣ ያ አንዱ መስመር ስላለበት ክብር አመሰግናለሁ። ለበላይ አካል አስቸኳይ ጥሪ ሲመጣ መስመሩ ተይዞ እንዳይገኝ፣ አስቀድሞ ተይዞ ይቆይ ብለው አዘዙ። በትእዛዝዎ መሠረት የደብረ ብርሃኑ መስመር፣ እርስዎ ለጉብኝት ሲመጡ እንዲያነጋግሩበት በተዘጋጀው ክፍል ካለው ስልክ ጋር ከንጋት እስከ ንጋት ተሰክቶ ይኖራል። ክፍሉ ተቆልፏል። ቁልፉ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። አንዳንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ሲደወል ስልኩ እዚያ ውስጥ ይጮሃል፤ እኛም በሩ ሥር ቆመን እስኪደክመው እናዳምጠዋለን።

ሦስተኛ፣ ስላስተማሩኝ ትዕግሥት። አንኮበር ለምን ከማንም ጋር አይገናኝም ብዬ ባመለክት፣ ብልሽቱ ቴክኒካዊ ስለሆነ ፈልግ አሉኝ። ባትሪውን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ጉሙ ሽቦውን አርሶት ይሆናል ብዬ ምሰሶ ለምሰሶ ሄድኩ፤ እሱም ደህና ነው። ጥፋቱ መስመሩን ከተቆለፈው ክፍል ጋር ያያያዘው መሰኪያ ብቻ ነው ብዬ ብጽፍልዎ፣ መሰኪያው መመሪያ እንጂ ብልሽት አይደለምና ሌላ ብልሽት ፈልግ ብለው መለሱልኝ። እኔ ባልኖር ማንም አይቶ እንዲጠግነው ብዬ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን የማዞሪያውን ሥዕልም፣ ምስጢር ነው ብለው አስነቅለው እዚያው ክፍል ውስጥ አስቆለፉት። ስልኩ ብቻውን እንዳይሰለቸው አስበው ይሆናል።

አራተኛውን ተራ እንደ ሌሎቹ አስጊጬ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ትእዛዝዎን አክብሬ የሌለ ብልሽት ፍለጋ ምሰሶ ላይ በዋልኩበት ቀን፣ የአሊዩ አምባዋ ሰሊሃ ምጥ ጠናባት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነሲባ ስልኳን አዙራ እኛ ዘንድ ደወለች፤ የሆስፒታሉን መኪና ከደብረ ብርሃን እንድናስጠራላት። ስልክ አዟሪያችን እትዬ አመተ ማርያም መስመሩ ተይዟል አሏት።

«በማን ነው የተያዘው እትዬ?»

«በማንም፣ ልጄ።»

«እንግዲያ ይንቀሉታ!»

እትዬ አመተ ማርያም መሰኪያውን ጨብጠው ነበር። ነገር ግን መሰኪያውን የነካ እንደ ጸረ አብዮት እንደሚቆጠር በፊርማዎ የጻፉት ከፊታቸው ተለጥፏል፤ በቤታቸውም የሚጠብቋቸው ልጆች አሉ። ለቀቁት። ሰሊሃን የመንደሯ ወንዶች በቃሬዛ ያን ዳገት ተሸክመዋት አንኮበር ሲደርሱ እሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። የሆስፒታሉን ሾፌር በኋላ ጠይቄዋለሁ፤ መኪናው ያን ቀን ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው የዋለው።

አማቷ ሼህ አብዱልሀሚድ ስልክ ቤት መጥተው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «የአላህን ቀደር፣ ውሳኔውን፣ አልሟገትም፤ ግን አንተ የተማርከው ንገረኝ፣ ያ የተቆለፈበት ስልክ የሚጮኸው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በዲፕሎማዬ ውስጥ መልሱን ፈልጌ አጣሁት። እርስዎ ካገኙት ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ይጻፉላቸው።

ነሲባ ባለፈው ማክሰኞ ሌላ ለመውለድ የደረሰች ሴት እንዳለች ነግራኛለች። ስለዚህ አቤቱታዬ አጭር ነው፦ መሰኪያው ይነቀል፤ ሽቦው ከአበባው ላይ ተፈትቶ ምሰሶው ላይ ይውጣ።

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ ስልኳም እጅግ ሳይርቅ ይከተላት።

የትእዛዝዎ ፈጻሚ፣ የበርዎ ጠባቂ፣ ባለ ብዙ ምሰሶ ባለ አንድ መስመር፣

ወርቅአገኘሁ ገብረአማኑኤል
የአንኮበር ስልክ ቤት ቴክኒሽያን

ማስታወሻ፦ ይህን ለጥፌ እንደ ገባሁ መሰኪያውን ነቅዬዋለሁ። እትዬ አመተ ማርያም እጃቸው የለበትም፤ ከወንበሩ አስነስቼ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሊያስይዙኝ ከፈለጉ ለአንኮበር ፖሊስ ይደውሉ፤ መስመሩ አሁን ክፍት ነውና እኔው ራሴ አገናኝዎታለሁ። ብቻ አደራዎን ነገሩን ያሳጥሩት፤ አሊዩ አምባ እየጠበቀች ነው።